የቦራ ኮርቻ

ማናለብሽ ፈረሱን መሸጧን የሰማሁት ከሷ አፍ አይደለም። ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ውዬ ስመለስ አንድ ጎረቤቴ መንገድ ላይ አገኘኝና፣ "የአበረ ፈረስ ዋጋው ደህና ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። አበረ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ማናለብሽ ሚስቱ ናት። የገዛ ወንድሜ ፈረስ መሸጡን ከመንገደኛ መስማቴ ደሜን አፈላው። "ደህና ነበር" አልኩት እንደሚያውቅ ሰው፣ ቤቴም ሳልገባ በቀጥታ ወደሷ ሄድኩ።

ሰው ሁሉ ደሴ ቁጡ ነው ይለኛል። ቁጡ አይደለሁም። ድምፄ ወፍራም ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

ማናለብሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ጋጣው ባዶውን ተከፍቷል። ኮርቻው ብቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት፤ በኛ ቤት ፈረስ ሲሸጥ ጀርባውን ባዶ ነው የሚሸጠው፣ ኮርቻና ልጓም ከቤት አይወጣም።

"ቦራ የት ሄደ?" አልኳት።

"ተሸጠ፣ አያ ደሴ" አለች፣ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ። "ለዳንግላ ሰው። ለጋሪ።"

ለጋሪ! ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከበሮ ሲሰማ አንገቱን የሚሰብቅ የግልቢያ ፈረስ ነው። እሱን ጋሪ ላይ መጥመድ የሠርግ ልብስ ለብሶ እበት እንደመዛቅ ነው።

"ከመሸጥሽ በፊት አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ይጮሁብኛል ብዬ ነው።"

"እኔ መቼ ጮህኩ?" አልኩ። ዶሮዎቹ ተበተኑ።

ማናለብሽ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ልጇ ቤዛዊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጥቂት ነጥብ ሳይሞላላት ቀርቶ ዓመቱን ቤት ተቀምጣለች። አዋላጅ ነርስ መሆን ነው ሐሳቧ። አሁን ባህር ዳር ያለ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ ለየካቲት ተመዝገቢ ብሏታል። በየካቲት ካልገባች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በዚያ ላይ ከአዘና በኩል ሽማግሌ ሊልኩባት ነው የሚል ወሬ አለ፤ ልጅቱ ሌላ ዓመት ያለ ሥራ ቤት ከተቀመጠች እናቷ በምን አፏ እምቢ ትላለች?

"ነገ ወዲያ ባህር ዳር ሄጄ በፈረሱ ገንዘብ የዓመቱን ክፍያ እከፍላለሁ" አለች ማናለብሽ። "ከዚያ እጄ ባዶ ሲቀር ለቤት ኪራይዋና ለቀለቧ ማህበሩን እለምናለሁ። አያ ደሴ፣ ፈረስ አስሮ ሰው ደጅ እጅ መዘርጋት ነውር አይደለም? መጀመሪያ የራስን መጨረስ ነው እንጂ።"

እዚያው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጋ ጨርሳዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር የፈረስ ማህበር አለን። ሰው ሲሞት በፈረስ አጅበን እንሸኛለን፣ ልጅ ሲዳር ሠርጉን እናደምቃለን፣ ለጥር ጊዮርጊስ ተጠራርተን እንጅባራ እንወጣለን። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደግሞ የአባል ልጅ ኮሌጅ ስትገባ ከየቤቱ ባዋጣነው የመጀመሪያ ዓመት ክፍያዋን እንችላለን። ታዲያ ሥርዓት አለው። ጊዮርጊስ ከመድረሱ በፊት ባለው እሁድ ፈረሶቻችንን ሜዳ ላይ አሰልፈን እንቆጠራለን። ፈረሱ የተቆጠረለት ቤት አባል ነው፤ ያልተቆጠረለት በዚያ ዓመት ምንም አይጠይቅም። ደግሞ ማህበሩ ለቀለብ፣ ለኪራይ የሚባል ነገር አያውቅም። ለትምህርቱ ብቻ ነው፣ እሱንም በወላጅ እጅ አይሰጥም፤ ሰው ልኮ ለኮሌጁ ይከፍላል። ወላጅ ቀድሞ ከከፈለ ተከፍሏል፣ አለቀ።

ማናለብሽ እንግዲህ በፈረሱ ገንዘብ የኮሌጁን ልትከፍል፣ ማህበሩ የማይሰጠውን ደግሞ ልትለምነው ነው። ማህበሩ ይከፍልላት የነበረውን ልትከፍል፣ እንድትቆጠር የሚያደርጋትን ፈረስ ሸጠች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

"ማነው እንዲህ ያለሽ?" አልኳት።

"ማንም አላለኝም። ማነው ለኔ የሚነግረኝ?" አለች። ድምፅዋ ያኔ ነው የተሰበረው። "ስብሰባው የወንዶች ነው። ይረዳል ሲባል እሰማለሁ እንጂ እንዴት እንደሚረዳ በምን አውቃለሁ?"

እውነቷን ነው። አበረ ከሞተ ወዲህ ቦራን ሜዳ ላይ የማቆምላት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ከማህበሩ የምታውቀው መዋጮውን ነው። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋት። ስጨርስ ድንቹን ትታ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ታዲያ ልጄ ቀረች?" አለች።

እኔ ሰው ሲያለቅስ መቀመጥ አልችልም። "ባህር ዳር እንዳትሄጂ። አንድ ብር እንዳትከፍይ። ገንዘቡን ስጪኝ፣ ነገ ፈረሱን መልሼ አመጣዋለሁ" ብያት፣ ገንዘቡን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤዛዊት ውኃ ቀድታ ስትመለስ አጥሩ ጋ አገኘችኝ። ሁሉን ሰምታ ኖሮ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ጀሪካኗን አስቀምጣ በሩን ከፈተችልኝ።

በማግስቱ በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ ደረስኩ። ገዢው ስማቸው የሚባል ባለጋሪ ነው ተብዬ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ስጠይቅ አንድ ባለባጃጅ በአገጩ ጠቆመኝ። ቦራ የእህል ጆንያ በተቆለለበት ጋሪ ላይ ተጠምዶ ቆሟል። ድምፄን ሲሰማ ጆሮውን አቆመ። ያን ጊዜ ለራሴ ማልኩ፤ ሁለተኛ ይህን ፈረስ ጋሪ ላይ አላየውም አልኩ።

ስማቸውን ልቆጣው ነበር የሄድኩት። ችግሩ ሰውየው የሚቆጡት ዓይነት አይደለም። ወጣት ነው፣ ከሲታ፤ ነገሩን ስነግረው ጅራፉን እጁ ላይ ጠቅልሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"አያ፣ እግዜር ያሳይዎ" አለኝ። "የፊቱ ፈረሴ ኅዳር ላይ ሞተብኝ። ይኼንን የገዛሁት ከሰው ተበድሬ ነው። ቤቴ የሚያድረው በዚህ ጋሪ ነው። ገንዘቤን ይዘው መምጣትዎን አየሁ፤ ግን ዛሬ ብመልስልዎ ነገ ምን እጠምዳለሁ? በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ፈረስ ከዳንግላ እስከ ጫግኒ ቢዞሩ አይገኝም።"

ጨምሬ ልስጥህ እንዳልል የጨመርኩት ሁሉ ከማናለብሽ ኪስ የሚወጣ ነው። ቦራ አፍንጫውን ትከሻዬ ላይ ጠረገው።

"እንዲህ እናድርግ" አለ ስማቸው በኋላ። "ላውስዎ። ዓርብ ይውሰዱት፣ እሁድ ያስቆጥሩት፣ ማክሰኞ ይመልሱልኝ። በነዚያ ቀናት ሥራዬ ይቅር፤ ለተማሪ ነው። ማን ያውቃል?"

ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ ስሰጥ ነው የመጣሁት። ማናለብሽ ቤት ገብቼ ገንዘቡን መለስኩላትና የምሥራቹን ነገርኳት። ልጇም አጠገቧ ነበረች።

ማናለብሽ አልሳቀችም። "ፈረሱ የማን ነው?" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሸጬዋለሁ፣ ገንዘቡም ይኸው። የሰውን ፈረስ የኔ ነው ብዬ ላቆም ነው?"

"አንቺ አታቆሚ። እኔ ነኝ የማቆመው።"

"በማን ስም? በአበረ ስም አይደል?" አለች። "አያ ደሴ፣ ያ ሜዳ ወንድምዎ የቆመበት ሜዳ ነው። ከነዚያ ሰዎች ጋር ጠጥቶ፣ ምሎ፣ ሙታን ቀብሮ። እኔ አሁን ከሞተ በኋላ በስሙ አላታልልበትም። ልጄም ብትቀር ትቅር።"

"ልጄም ትቅር" ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ንዴቱ ዓይኔን ጋርዶታል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ እያልኩ፣ ግትር ናት፣ የሰው ምክር አትሰማም እያልኩ፣ የማልደግመውን ሁሉ ተናገርኩ። ፈረስ ሲሸጡ ያልታየ ጨዋነት ሲዋሱ ነው እንዴ የሚመጣው? ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አልኩት። እሷም ጠላ ቀዳችልኝ። ጠላውን ጠጥቼ ልሄድ ስነሳ ቤዛዊት እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

"አጎቴ፣ ፈረስ የሞተበት አባል እንዴት ነው የሚቆጠረው?" አለች።

"ኮርቻውን ይዞ ሜዳ ላይ ይቆማል። ለዚያ ዓመት ኮርቻው ይቆጠርለታል፣ እስከ ቀጣዩ ጊዮርጊስ ፈረስ ይተካል። ግን ቦራ አልሞተም።"

"አልሞተም" አለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜዳው ላይ ተሰለፍን። እኔ ከፈረሴ በስተቀኝ የአበረን ቦታ ክፍት አድርጌ ቆሜያለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ለመጠጋጋት እጄ አልታዘዝልህ አለኝ። የማህበሩ ዳኛ አያ ምህረቴ ከዳር ጀምረው እየዞሩ ይቆጥራሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሰፈሩ ውስጥ የተወለደን ፈረስ ሁሉ ከነእናቱ ያውቃሉ።

እኔ ጋ ሊደርሱ ሲቃረቡ ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ዞረ። ቤዛዊት ትመጣለች። የአባቷን ኮርቻ ከነግላስ ጨርቁ፣ ከነእርካቡ፣ ልጓሙን አንገቷ ላይ አጥልቃ በትከሻዋ ተሸክማለች። ቆዳውን በቅቤ አሽታው ያብረቀርቃል። ከኋላዋ ማናለብሽ በነጠላዋ ተከናንባ ትከተላለች፤ ልከልክላት ወይስ ልከተላት ብላ ልቧ የተከፈለ ትመስላለች። ቤዛዊት ሰልፉን ሰንጥቃ መጥታ ክፍት በተውኩት ቦታ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ የተናገረው ይሄነው ነው። ይሄነው ክፉ ሰው አይደለም፤ ገንዘብ ያዣችን ነው፣ እንደ ገንዘብ ያዥ ያስባል።

"ኮርቻ ለሞተ ፈረስ ነው" አለ። "የዚህ ቤት ፈረስ መሸጡን ሰው ሁሉ ያውቃል። ፈረሱን የሸጠ ሁሉ ኮርቻ እየተሸከመ ከመጣ ይህ ማህበር ለከርሞ የኮርቻ ማህበር ነው የሚሆነው።"

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ልመልስለት አፌን ስከፍት አያ ምህረቴ በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ልጅቱ ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ ቦራ ሞቷል?"

አንዲት ቃል ነበረች። አዎ ብትል ዳንግላ ሄዶ የሚያይ የለም፤ እኔም አላጋልጣትም ነበር። ኮርቻውን ትከሻዋ ላይ አደላደለች።

"አልሞተም፣ አባቴ" አለች። "ዳንግላ ጋሪ ይጎትታል። እኔን ለማስተማር ነው የተሸጠው። እናቴ የራሷን ሳትጨርስ እናንተን መጠየቅ ነውር መሰላት። ደንቡን የነገራት አልነበረም። ባለፈረሱ ለዛሬ ላውሳችሁ ብሎ ነበር፣ እሷ እምቢ አለች። እኔ ይዤ የመጣሁት ያለንን ነው።"

አያ ምህረቴ ወደ ማናለብሽ ዞሩ። "ገንዘቡስ? ለኮሌጁ ከፍለሻል?"

"አልከፈልኩም። አያ ደሴ ከለከሉኝ" አለች ማናለብሽ ከነጠላዋ ውስጥ። "እንዳለ ነው።"

ሽማግሌው መጀመሪያ በአዊኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ፤ ትልቅ ነገር ሲሆን ሁለቴ ነው የሚናገሩት።

"ይህን ደንብ ስናወጣ እኔ ነበርኩ። ለልጁ ብሎ ማንም ፈረሱን እንዳይሸጥ ነው ያወጣነው። እንግዲህ ይቺ ሴት የሸጠችው ደንቡን ንቃ ነው ወይስ ሳታውቀው? መበለት ስብሰባችን ላይ አትቀመጥም። እኛም ቤቷ ሄደን አልነገርናትም። መዋጮዋን ግን አንድም ዓመት ሳንቀበል አልቀረንም። ጥፋቱ የማን ነው?"

ይሄነው መሬቱን ያያል።

"ልጅቱ ሞተ ብትለን ኖሮ በደንቡ እንቆጥርላት ነበር" አሉ አያ ምህረቴ። "እውነቱን ስለነገረችን ልንቀጣት ነው? እኔ እቆጥራለሁ። የሚቃወም አሁን ይናገር። ክፍያዋን እኛ እንችላለን፣ የፈረሱ ገንዘብ ለኪራይዋና ለቀለቧ ይሁን። ለከርሞ ጊዮርጊስ ግን ይህ ኮርቻ ፈረስ ላይ ይገኝ።"

"እሱን ማን ይተካል?" አለ ይሄነው። በክፋት አይደለም አልኩ፣ ገንዘብ ያዥ ነው። እኔን ግን ነካኝ።

"ባዝራዬ ለግንቦት ትወልዳለች" አልኩ። "የሚወለደው የማናለብሽ ነው። ውርንጭላ ፈረስ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና እዚህ ይንገረኝ።"

ይህን ያልኩት በወፍራሙ ድምፄ ነው። ማንም አልመጣም። ይሄነው ራሱ ሳቀና፣ "ከደሴ ጋር ከመጣላት ውርንጭላ መቁጠር ይሻላል" አለ። አያ ምህረቴ እጃቸውን ኮርቻው ላይ ጭነው "የአበረ ቤት" ብለው ቆጠሩ። ቤዛዊት ሸክሙን ልቀበላት ስል እምቢ አለችኝ፤ ቆጠራው እስከ ሰልፉ ጫፍ ደርሶ እስኪያልቅ ተሸክማ ቆመች። ማናለብሽ ከኋላችን ታለቅሳለች። እኔም አፍንጫዬን ስጠርግ ብርድ ነው አልኩ። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ይሄነው ራሱ ባህር ዳር ሄዶ ክፍያውን ለኮሌጁ ከፈለ። በሳምንቱ እኔና ማናለብሽ ቤዛዊትን እስከ ዳንግላ ልንሸኛት ወጣን፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ልሂድ አለች። ከእንጅባራ የያዝነው ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ከተማው መግቢያ ላይ አወረደን። ሳጥኗ ከባድ ነው፣ እናቷ ግማሹን ቤት አሽጋላታለች። ባጃጅ ስንጠብቅ የጋሪ ኮቴ ሰማሁ።

ስማቸው ነው። ከሩቅ አይቶን ጋሪውን ወደኛ አዞረ። እኔ ሁለተኛ ይህን ፈረስ ጋሪ ላይ አላየውም ብዬ ስለማልኩ ፊቴን ወደ ሱቆቹ አዞርኩ።

"ተማሪዋ ይቺ ናት?" አለ ስማቸው። መልስ ሳይጠብቅ ሳጥኑን አንስቶ ጫነው። ቤዛዊት ጋሪው ላይ አልወጣችም። የቦራን ግንባር እያሻሸች አጠገቡ በእግሯ ሄደች። እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ኮቴውን ከእርምጃዋ ጋር አስተካክሎ እስከ መናኸሪያው ሄደ። መሐላዬን አፈረስኩ። እንዴት አላይ?

መናኸሪያ ስንደርስ ቤዛዊት ለስማቸው የጭነት ልትከፍል ከቦርሳዋ አወጣች። ስማቸው እጁን ወደኋላ አደረገ። "ይኼ ፈረስ ያንቺን ዕቃ በነፃ ነው የሚያደርስ" አለ።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ጉልበቴን ስማ፣ "አጎቴ፣ ፈራሁ" አለችኝ። ያች ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት ያልፈራች ልጅ።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" አልኳት። "አድርሶሻል። የቀረው ያንቺ ነው።" ሌላም ልላት ያሰብኩት ነበረ፣ ረዳቱ ግን በሩን ሊዘጋ ጠራት።

አውቶቡሱ ሄደ። ማናለብሽን ብፈልግ ከጎኔ የለችም። ጋሪው ጋ ቆማለች። ስትሸጠው አንዲት ዘለላ እንባ ያላወጣችው ሴት፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የቋጠረችውን ገብስ በመዳፏ ይዛለት ቦራ ይበላል። ገብሱን ከቤት ይዛው ነበር የመጣችው። ስማቸው የሚጠብቀው ጭነት ነበረው፤ ግን በልቶ እስኪጨርስ ቆመላት።